በጆሮ የተፈረደ ልውውጥ

አንድ ሐይቅ ሁለት ከተሞችን ያጠጣ ነበር። በምሥራቁ ዳር ያለችው ዋርካ፣ በምዕራቡ ዳር ያለችው ሸንበቆ ትባላለች። ውሃውን ተካፍለው በሰላም የሚጠጡት እነዚህ ሰዎች በቅርጫት ኳስ ጉዳይ ግን ተስማምተው አያውቁም። ሁለቱም ከተሞች ቡድን አላቸው፤ ሁለቱም ቡድናቸውን እንደ ልጃቸው ይወዳሉ። አንዳንዶቹማ ከልጃቸው አስበልጠው ነው የሚወዱት።

ከብዙ ዓመታት በፊት ቡድኖቹ ተጫዋች ተለዋውጠው፣ «አታለላችሁን»፣ «የለም፣ እናንተ ናችሁ ያታለላችሁን» በሚል ጠብ ጀልባ እስከ መቃጠል ተደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ሕግ አወጡ። ልውውጥ በተደረገ በአርባኛው ቀን ሁለቱ ቡድኖች ይጋጠማሉ። ከሁለቱም ከተማ ያልሆነ አንድ ዳኛ በዕጣ ተመርጦ ይቀመጣል፤ ጨዋታው ሲያበቃም ከልውውጡ የተጠቀመው የትኛው ቡድን እንደሆነ ይናገራል። የተጎዳው ቡድን አሰልጣኝ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ በሐይቁ ዙሪያ ዳግመኛ አያሰለጥንም። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

የዋርካው አሰልጣኝ ኅሩይ ይህን ሕግ ጠንቅቆ እያወቀ ነው ሰው ሁሉ የተገረመበትን ልውውጥ ያደረገው። በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ነጥብ የሚያስቆጥረውን፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚሳሳለትን ሮቤልን ለሸንበቆ ሰጠ። በምትኩ ደምሰው የሚባል ተከላካይ ተቀበለ። ደምሰው በአንድ ጨዋታ ሁለት ነጥብ ካገባ ያ ቀን ለእሱ በዓል ነው።

ዋርካ አበደች። ፀጉር አስተካካዩ የኅሩይን ፀጉር በግማሽ ቆርጦ መቀሱን አስቀመጠና፣ «ለምን እንዳደረግኸው ካልነገርከኝ ሌላውን ግማሽ አልነካም» አለው። ኅሩይ፣ «አርባውን ቀን ጠብቁ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። የክለቡ ሊቀመንበር ደግሞ ቢሮው አስጠርቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው።

«ኅሩይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ አሰልጥነሃል። ሌላ ሙያ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ካሁኑ መማር ጀምር።»

በእነዚያ አርባ ቀናት ሁለቱም ቡድኖች አራት አራት ጨዋታ አሸነፉ፤ አራት አራት ተሸነፉ። ስለዚህ ሰው ሁሉ ነጥብ ወደ መቁጠር ሄደ። የሸንበቆ ደጋፊዎች የሮቤልን ነጥብ በደብተር እየመዘገቡ በጀልባ ተሻግረው ለዋርካ ሰዎች ያሳዩ ነበር። የዋርካ ሰዎችም ደብተሩን እያዩ ያለቅሱ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ! ከደብተሩ ቀና ብሎ ሜዳውን ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

አርባኛው ቀን ደረሰ። የዋርካ አዳራሽ ገና ከማለዳው ሞላ። ዕጣው የወጣላቸው ዳኛ፣ በወጣትነታቸው የታወቁ አሰልጣኝ የነበሩት ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ሲገቡ አዳራሹ በማጉረምረም ታመሰ። ሽማግሌው ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸዋል፤ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ይዞ ከሜዳው ጠርዝ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የኅሩይ የአሥራ ስምንት ዓመት እንጀራ ኳሱን እንኳ ለይተው በማያዩ ሰው እጅ ወደቀ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሮቤል ገና ከመጀመሪያው ማግባቱን ተያያዘው። ሸንበቆዎች ይጨፍራሉ። ዋርካዎች ደግሞ ደምሰው ባለበት ሁሉ እየተከተሉ ያፏጫሉ፤ የገዛ ተጫዋቻቸውን፣ በገዛ አዳራሻቸው! እረፍት ሲወጡ ሸንበቆ በአሥራ አንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ሮቤል አሥራ ስምንት አስቆጥሯል፤ ደምሰው ምንም። ሊቀመንበሩ በኅሩይ አጠገብ ሲያልፍ ወደ ፊሽካው አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

ከእረፍት ሲመለሱ ጋሽ ፈለቀ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ዓይኔ እንደማያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ በጩኸታችሁ ጆሮዬንም ነሣችሁኝ። እባካችሁ እስኪያልቅ ድረስ ዝም በሉልኝ።»

የዳኛ ቃል ነውና ሁለቱም ወገን እሺ አለ። አዳራሹ ጸጥ ሲል የጫማው ሲጥሲጥታና የኳሱ ንጥረት ብቻ ቀረ። ወዲያው ግን ከዋርካ በኩል ሻካራ ድምፅ ተሰማ። «በግራህ መጣ! ከኋላህ ነው! ውጣ፣ ውጣ፣ እኔ አለሁልህ!» ደምሰው ነበር። አፉ አላረፈም። ጓደኞቹ ዞረው ሳያዩ በቃሉ ይሮጣሉ፤ ኳስ ይነጥቃሉ፤ ያገባሉ። አሥራ አንዱ ነጥብ ወደ ስምንት፣ ስምንቱ ወደ አራት ወረደ። ደምሰው ራሱ አንድም አላገባም።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ዋርካ በአንድ ነጥብ መራ። ኳሱ ሮቤል እጅ ገባ። ሁለት ሰው ፊቱ ቆመበት፤ ከሁለቱም በላይ ዘለለ፤ ለቀቀው። ኳሱ የቅርጫቱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ነክቶ ገባ። ሸንበቆ በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

ማንም አልጮኸም፤ ዳኛው ገና አልፈቀዱምና። ኅሩይ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በጋሽ ፈለቀ መዳፍ ላይ አኖረው። ሽማግሌው ፊሽካውን ዳሰሱት።

«ማን ነው አውልቅ ያለህ?» ብለው ፊሽካውን መለሱለት። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከልውውጡ የተጠቀመው ዋርካ ነው።»

የሸንበቆው አሰልጣኝ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስላላዩ ነው! ሮቤል ሠላሳ አራት ነጥብ አስቆጥሯል። ያሸነፍነውም እኛ ነን!»

«እንኳን ደስ አላችሁ። ሮቤልም ጎበዝ ነው፤ ማንም አይክደውም። እኔ የተጠየቅሁት ግን ስለ ልውውጡ ነው። በእረፍት በአሥራ አንድ ትመሩ ነበር። አዳራሹ ዝም ብሎ የዚያ ልጅ ድምፅ ለጓደኞቹ ሲሰማ ግን አሥሩን አስመለሱ። ዝምታው ለእናንተም እኩል ነበር። በእናንተ በኩል ግን የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ‹ስጠኝ›። እኔን ካላመንክ ልጆችህን ጠይቃቸው።»

አሰልጣኙ ወደ ተጫዋቾቹ ዞረ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ከመካከላቸው ረጅሙ ተናገረ።

«አሰልጣኝ፣ እውነት ለመናገር፣ ደምሰው እያለ ዞሬ አይቼ አላውቅም። እሱ ከሄደ ወዲህ ስዞር ስዞር እየዋልኩ አንገቴን ያመኛል።»

አንድ ሁለት ሰው መሳቅ ጀመረና የአሰልጣኙን ፊት አይቶ ተወው። አሰልጣኙ ወደ ኅሩይ ቀረበ።

«አንተ እንዴት አወቅህ? ደብተር ላይ የለ፣ ማን ነገረህ?»

ኅሩይ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በሐይቁ ዙሪያ ተጫዋች የሚለውጥ አሰልጣኝ ልውውጡ ከመጽደቁ በፊት የተጫዋቹን ጉድለት በገዛ እጁ ጽፎ ለተቀባዩ መስጠት ግዴታው ነው።

«አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ» አለና ወረቀቱን ዘረጋለት።

አሰልጣኙ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አነበበ። «ጉድለት፦ ጨዋታ ላይ አፉን አይዘጋም። ሦስት ጊዜ ተመክሮ አልታረመም።» ደግሞ አነበበው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ።

ወዳጆቼ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? ይህ አሰልጣኝ ግን ከዚያም ብሷል፤ ወርቁን ዝገት ነው ብሎ ፈርሞ ነው የሰጠው። በዋርካዎችም አንሳቅ። ሊያድናቸው የሚጮኸውን ሰው በፉጨታቸው ሲሸፍኑት የነበሩት እነሱው ናቸው። የሚቆጠረውን ብቻ የሚያይ ሰው ያጣውን የሚያውቀው ካጣው በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማወቁ ፊሽካውን አያስመልስለትም።

እኔ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ለእናንተም ላካፍላችሁ። በቤታችሁ ወይም በሥራ ቦታችሁ «ከኋላህ ነው፣ ተጠንቀቅ» እያለ የሚጨቀጭቃችሁ ሰው አለ? ስለ እሱ ጻፉ ብትባሉ ያንን ድምፁን የምትጽፉት ከየትኛው በኩል ነው፤ ከሙያው ወይስ ከጉድለቱ?