ማሳ ለጠየቀ ማረሻ

አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። ታገሺኝ ስንዱ፣ ወደ ፕሮግራም ጥያቄሽ እመጣለሁ።

ይህ ቀጥቃጭ ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ብቻውን ይኖር ነበር። ሰው ዐይኑን ይፈራል። ብረት ሊያስቀጠቅጥ የመጣ ሁሉ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሥራው ሲያልቅ ተቀብሎ ይሄዳል። ከእጁ ውሃ እንኳ የሚቀበል አልነበረም።

አንድ ገበሬ ወደ እሱ መጣ። ማሳው ድንጋያማ ነው፤ ማረሻ እየሰበረበት፣ ሳይዘራ ክረምቱ ሊያልፍ ሆነ። ቀጥቃጩ መድኃኒት ያውቃል ሲባል ሰምቷልና፣ «ድንጋዩን አንድ ነገር አድርግና የሚታረስ ማሳ ስጠኝ፤ ልጆቼ ሊራቡብኝ ነው» አለው። ቀጥቃጩ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀበረ ጠየቀው። እየደጋገመ ጠየቀው። ከሰው ጋር ከተጫወተ ቆይቶ ስለነበር ወሬው እንዲረዝምለት ሳይፈልግ አልቀረም። ከዚያ አጠር፣ ደንደን ያለ ማረሻ ቀጥቅጦ ሰጠው።

ገበሬው ተናደደ። «ማሳ ብለምነው ብረት ሰጠኝ! ብረትማ ስንቱን ሰብሬ!» ብሎ ጓዳ ውስጥ ወረወረው።

ጎረቤቶቹ ዘርተው ጨረሱ። ገበሬው ሊወቅሰው ተመልሶ ቢሄድ ቀጥቃጩ ሞቷል። ከሰሉ ቀዝቅዟል፤ ማን እንደቀበረው የሚነግር ጎረቤት እንኳ የለም። ገበሬው ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ማረሻውን ከጓዳ አውጥቶ ከእርፉ ጋር ገጠመው፤ በሬዎቹን ጠመደ። ማረሻው ድንጋዩን እየፈነቀለ ሄደ። ያን ቀን ለቀጥቃጩ የነገረው ሁሉ ብረቱ ውስጥ ነበር። ገበሬው በሬዎቹን አቁሞ፣ ነፍስህን ይማር ሊለው አፉን ከፈተ። ስሙን አያውቀውም። ጠይቆት አያውቅም። ማሳው መሃል ቆሞ አለቀሰ።

እንግዲህ ስንዱ፣ «ኮዴ ውስጥ ሥራ የሚሠራልኝን ፋንክሽን ብጠራው መልስ በመስጠት ፈንታ ሌላ ፋንክሽን ሰጠኝ፤ ተበላሽቶ ነው ወይ?» አልሽኝ። ምን ይበላሻል! ማረሻ ነው የሰጠሽ፤ አንቺ ደግሞ ጓዳ ወርውረሽ ማሳ ትጠብቂያለሽ። የመጀመሪያው ፋንክሽን እንደ ቀጥቃጩ ሥራውን ጨርሶ ቢሄድም፣ የነገርሽውን ሁሉ የሰጠሽ ፋንክሽን ይዞልሻል። ማሳሽን፣ ማለትም የሚሠራበትን ዳታ፣ ስጪውና ጥሪው፤ ያርስልሻል። ላምዳ ነው፣ ስም የለውም ብለሽም አትናቂው። ላምዳ ያለ ስም ሠርቶ ቢያልፍ አይከፋውም።

ሰው ግን ይከፋዋል።