የጋሽ ሽብሩ ምስክር

«ጌታዬ፣ የምደርስበትን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ መንገዱን ብቻ እጠይቃለሁ።»

የጋሽ ሽብሩ አባት ከቤት በወጡ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ይህን ይሉ ነበር። ጋሽ ሽብሩም ያን ዕለት ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ በሩ ወጣ፣ ቆለፈ፣ ኮፍያውን አወለቀና እንደ አባቱ አለ። ከዚያ ደረጃውን ወረደ። ወርዶም መንገዱን የሚጠይቀው ሰው አጣ።

ሰው ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ኮንዶሚኒየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግን የድሮው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው በዕጣ ሲበተን፣ እዚህ የደረሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሆነ። ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ። ስም ግን አይጠያየቁም።

ጋሽ ሽብሩ የፈለገው ትንሽ ነገር ነው። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ከሻይ ብርጭቆ ቂጥ የማትበልጥ። ማኅተም።

ማኅተሟን የፈለጋት ለኑዛዜው ነው። በሚመጣው ሳምንት ሐኪሞች ሆዱን ሊከፍቱት ቀጠሮ ይዘዋል። መሞቱን እንኳ ለፈጣሪው ትቶታል። የፈራው ሌላ ነው። ሚስቱ ማንያህልሻል የተኛችው በድሮው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን፣ እሱ ራሱ ግንበኛ ሳለ በካበው አጥር ሥር ነው። ልጅ አልወለዱም። እዚህ ቢሞት ይህን ማን ያውቅለታል? ቅርብ ነው ብለው ከማያውቃቸው ሙታን መሃል ያስተኙታል። በቁሙ ሰው አልባ ሆኖ፣ ሞቶም ሰው አልባ ሊሆን ነው። ስለዚህ ጸሐፊ ፈልጎ አስጻፈ፦ «ስሞት ከባለቤቴ ጎን ቅበሩኝ።» አሁን ይቺን ቃል የምታጸና ማኅተም ብቻ ቀረች።

«ውልና ማስረጃ በዚህ ሰፈር የት ነው?» አለ ባለ ባጃጁን።

«ማዶ ነበር፣ አባት። አሁን ግን ተዛውሯል መሰለኝ።»

ማዶ ሄደ። ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ወደ ዋናው መንገድ ሰደደው። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሊስትሮ ወደ ዳቦ ቤቱ ሰደደው። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ሽቅብ አየችው።

«ውልና ማስረጃ ነው የጠፋብዎት? ቆመውበታል እኮ፣ አባቴ። ቀና ይበሉ።»

ቀና አለ። ከዳቦ ቤቱ በላይ ነበር።

ባለ ማኅተሟ መነጽር ያደረገች ልጅ እግር ሴት ናት። ወረቀቱን አንዴ አነበበች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ደገመችው።

«ጥሩ ነው፣ አባቴ። ምስክሮችዎስ?»

«የምን ምስክር?»

«የሚያውቁዎት ሰዎች። ሁለት።»

«እኔን እግዜር ያውቀኛል።»

«እሱማ ሁላችንንም ያውቃል። መታወቂያ የያዘ ሰው ያምጡልኝ።»

ባለ ማኅተሟ ያለ ምስክር አልመታም አለች። ጋሽ ሽብሩም ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ወጣ።

መንገዱን ሙሉ የሚያውቁትን ሰዎች ቆጠረ። አብዛኞቹ የማንያህልሻል ጎረቤቶች ሆነው ተገኙ፤ ማለትም ከመሬት በታች። በሕይወት ካሉት አንዲት ሴት ብቻ ትዝ አለችው፤ ሁለተኛውን ለእግዜር ተወው። ከጎኑ የምትኖረው ጥሩወርቅ።

ጥሩወርቅ በሯን ከፍታ፣ ባዶ በርሜል አስቀምጣ፣ ጀሪካኖቿን እንደ ወታደር ደርድራ ቆማለች።

«ጥሩወርቅ፣ እኔን ታውቂኛለሽ?»

«ጋሼ ደግሞ! ማለዳ ማለዳ ሲጸልዩ ግድግዳው ያሰማኛል። የሆድዎን ሕመም ከሐኪሙ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ነይና መስክሪልኝ።»

«እመሰክራለሁ። ዛሬ ግን የውሃ ተራችን ነው። ጥዬ ብወጣና ውሃዋ ብትመጣ፣ ሳምንቱን በምን ልታጠብ ነው? በምስክርነት?»

ባለ ማኅተሟ ያለ ምስክር አልመታም አለች፣ ጥሩወርቅ ያለ ውሃ ከቤት አልወጣም አለች። ጋሽ ሽብሩም ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ወደ ውሃው ሄደ።

የራሱን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው አፏጨና ዝም አለ። ታች ወረደ። ዘበኛው ደበላ ከሕንፃው ሥር፣ ከውሃ ሮቶው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ውሃው የታለ፣ ደበላ?»

«መጥቷል፣ ጋሼ። ይኸው ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል። ግን ያለ ሞተር ፎቅ አይወጣም።»

«አስነሳዋ ታዲያ።»

«በምን ቁልፍ? ባለፈው ክረምት አንዱ ነካክቶ ካቃጠለው ወዲህ ቁልፉ ከአቶ ሐብቴ ኪስ አይወጣም። ሚስቱ እንኳ ሱሪውን የምታጥበው እሱ ቆሞ እያየ ነው አሉ።»

ባለ ማኅተሟ ያለ ምስክር አልመታም አለች፣ ጥሩወርቅ ያለ ውሃ ከቤት አልወጣም አለች፣ ውሃው ያለ ሞተር ፎቅ አልወጣም አለ፣ ሞተሩ ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፣ ቁልፉ ያለ ሐብቴ ከኪስ አልወጣም አለ። ጋሽ ሽብሩም ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከቶ ወደ ሐብቴ ሄደ።

ሐብቴ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ገና ዳዴ የሚለው እድርም ሰብሳቢ እሱው ነው። ያን ዕለት ከማዶ ሕንፃ ሥር በተተከለ ድንኳን አፍ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ አገኘው።

«ሐብቴ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«ቁልፉን ለማንም አልሰጥም። ሞተሩን የማስነሳው ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያስ ናና አስነሳ።»

ሐብቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ ውስጥ ተመልከት።»

ጋሽ ሽብሩ አንገቱን አስገብቶ አየ። አግዳሚ ወንበር ከአግዳሚ ወንበር ጀርባ ተደርድሯል። ሁሉም ባዶ ነው። ከፊት፣ ጥግ ላይ፣ ጋቢ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጧል።

«ሚስቱ ናት» አለ ሐብቴ። «ከመጡ ገና ናቸው፣ ሰው አያውቁም። ትናንት ቀብረናት ስንመለስ፣ ለቀስተኛው እጁን ታጥቦ በየበሩ ገባ። ዛሬ አንድ የመጣ የለም። እኔ ደግሞ ይህን ሰው ከባዶ አግዳሚ ጋር ትቼው አልሄድም። ሰው ይምጣልኝና ያኔ እሄዳለሁ።»

ባለ ማኅተሟ ያለ ምስክር አልመታም አለች፣ ጥሩወርቅ ያለ ውሃ ከቤት አልወጣም አለች፣ ውሃው ያለ ሞተር ፎቅ አልወጣም አለ፣ ሞተሩ ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፣ ቁልፉ ያለ ሐብቴ ከኪስ አልወጣም አለ፣ ሐብቴ ያለ ሰው ከድንኳኑ አልሄድም አለ። ጋሽ ሽብሩም ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተ፤ አሁን ግን የሚሄድበት አልነበረውም። ግራ ቀኙን አየ፣ ሰው የለም።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አለ በመጨረሻ። «እስክትመለስ እኔ እቀመጣለሁ።»

ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናህ» አለና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐብቴ ሞተሩን አስነስቶ እስኪመለስ ብቻ ነው ያሰበው።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«መጣህ?» አለው፣ ሲጠብቀው እንደ ዋለ ሰው።

አሁን ምን ይበል? ቁልፍ ፍለጋ ነው የመጣሁት ይበለው? ለቅሶ ቤት ገብቶ ጉዳይ አይወራም። «መጣሁ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ዝም አሉ። ግን ዝምታው ጋሽ ሽብሩ ቤት እንዳለው ዝምታ አልነበረም። የሁለት ሰው ዝምታ ነበር።

ውጭ ደግሞ ሰንሰለቱ ተፈታ። ሐብቴ ሰው አገኘ፣ ከድንኳኑ ሄደ። ቁልፉ ሐብቴን አገኘ፣ ከኪስ ወጣ። ሞተሩ ቁልፍ አገኘ፣ ተነሳ። ውሃው ሞተር አገኘ፣ ፎቅ ወጣ። ጥሩወርቅ ውሃ አገኘች፣ በርሜሏን ሞላች፣ መታወቂያዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ሐብቴ እዚያው ሞተሩ ሥር ቆሞ የእያንዳንዱን ፎቅ በርሜል ሲጠብቅ፣ ደበላ ጥሩወርቅን ወደ ድንኳኑ አመላከታት።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ ከጀርባው ጎንበስ ብላ፣ «ይኸው መጣሁልዎት። ቢሮው ሳይዘጋ ይነሱ።»

ጋሽ ሽብሩ ብድግ አለ። ወረቀቷ ደረት ኪሱ ውስጥ ኮሽ አለች። ቢሮው ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ማን ያውቃል? ጥሩወርቅም ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል፣ ሆዱም ቀጠሮውን ላይጠብቅ ይችላል። ዞር ሲል ሽማግሌው ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ፣ ብርድ እንደመጣበት ሰው።

ማንያህልሻል ስትሞት የድሮው ሰፈር ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ያን ጊዜ ማን እንደመጣ እንኳ ልብ አላለም። ሞልቶ ነበርና።

ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሰው ካልመጣ አልነሳም» አለ።

«ምን?»

«አልነሳም፣ ልጄ።»

«እኔን ከበርሜሌ አስነስተው እርስዎ ሊቀመጡ?» አለች ጥሩወርቅ። ባዶውን ድንኳን ስታይ ግን ድምፅዋ ወረደ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከአጠገቡ ተቀመጠች።

እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ባለ ማኅተሟ ያለ ምስክር አልመታም አለች፣ ምስክሯ ያለ ጋሽ ሽብሩ አልሄድም አለች፣ ጋሽ ሽብሩ ያለ ሰው አልነሳም አለ። የጥሩወርቅ ባል ከሥራ ሲመለስ በርሜሉን ሙሉ፣ ቤቱን ባዶ አገኘው። ሚስቱን ፍለጋ መጣ፣ እሱም ተቀመጠ። ደበላ ምን ተገኘ ብሎ መጣ፣ ካቦርቱን ከፍቶ ተቀመጠ። ሐብቴ ሞተሩን አጥፍቶ መጣና አግዳሚው ላይ ሰው ሲያይ፣ ቁልፉን እየነካካ በየፎቁ «ለቅሶ አለ» ሊል ወጣ። በሮች ተከፈቱ። ጥሩወርቅ በዚያው ውሃ ንፍሮ ቀቅላ በትሪ አመጣች። ሰዎች ከጎናቸው ከተቀመጠው ጋር በለሆሳስ ይነጋገሩ ጀመር፤ አንዱ የሌላውን የድሮ ሰፈር ይጠይቃል፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያኑን ይጠራል።

ቢሮው ተዘጋ። ጋሽ ሽብሩ ሲዘጋ አላወቀም።

በማግስቱ ሣልስት ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ስለነበር ሊነሳ ይችል ነበር፣ ግን አልተነሳም። ሣልስቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን፣ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ጠየቀው።

«ባለቤቴን ከየት ታውቃት ነበር?»

«አላውቃትም፣ ወንድሜ። አልዋሽህም፣ ለቁልፍ ነው የመጣሁት።» ጋሽ ሽብሩም ማኅተሟን፣ ምስክሯን፣ ውሃውን፣ ሞተሩን፣ ቁልፉንና ሐብቴን አንድ በአንድ ነገረው። ወረቀቷንም አውጥቶ «ከባለቤቴ ጎን ቅበሩኝ» የምትለዋን ቃል ብቻ ሁለት ጊዜ አነበበለት።

ሽማግሌው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ሽብሩ አስለቀስኩት ብሎ ደነገጠ። ግን ሰውዬው እየሳቀ ነበር፤ እየሳቀም እንባው ይወርዳል።

«ሁለት ምስክር ነው ያልከው?» አለው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ሄዱ። ጋሽ ሽብሩ፣ ጥሩወርቅና ሽማግሌው። ሽማግሌው ሰው አገኘ፣ ሐብቴ ሰው አግኝቶ ተነሳ፣ ቁልፉ ሐብቴን አግኝቶ ወጣ፣ ሞተሩ ቁልፍ አግኝቶ ተነሳ፣ ውሃው ሞተር አግኝቶ ፎቅ ወጣ፣ ጥሩወርቅ ውሃ አግኝታ ከቤት ወጣች፣ ባለ ማኅተሟም ምስክር አግኝታ ማኅተሟን አነሳችና ዷ አደረገቻት። ሰማያዊ፣ ክብ፣ ከማንያህልሻል ስም በታች።

ከመመታቷ በፊት ግን፣ ገና ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለውን ደረጃ ሲወጡ፣ ሽማግሌው የጋሽ ሽብሩን እጅጌ ይዞ አስቆመው። ጥሩወርቅ እንዳትሰማ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ወንድሜ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ ሲሉኝ፣ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ እላቸዋለሁ። ስምህን ብቻ ንገረኝ።»