አህያ የመረጠችው የወገብ ቦርሳ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አቤቱታ ለማቅረብ በጧት በሚነሣበት ዘመን፣ አንዲት ፎቶ አንሺ አህያ ነበረች። ካሜራውን በፊት እግሮቿ ደግፋ፣ ቁልፉን በከንፈሯ ትጫናለች። ጅብ በጧት መነሣቱን ያመነ አንባቢ ይህንንም ቢያምን አይጎዳም።

የጅብ አቤቱታ ስለ መሬት ነበር። «ጌታዬ፣» አለ አንበሳ ፊት ቀርቦ፣ «ከገደሉ በላይ ያለው የጓሳ ሜዳ ለዋልያ የተተወ ነው። ዋልያ ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ባለቤት የሌለው ሜዳ ለእኔ ይሰጠኝ።»

«አንተ ሣር አትበላ፤ ሜዳ ምን ያደርግልሃል?»

«ሣር የሚበሉትን እወዳቸዋለሁ።»

በዚያ ሜዳ ላይ በየቀኑ የምትግጠው አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። አንበሳ ግን ጥቂት አሰበና ፈረደ፦ እስከ እሑድ ዋልያ ለመኖሩ ማስረጃ ከመጣ ሜዳው እንዳለ ይቆያል፤ ካልመጣ የጅብ ይሆናል።

«ፎቶ ማስረጃ ይሆናል ወይ?» አለች አህያ።

«በዓይኔ ካየሁት ይሆናል።»

የገደሉ መንገድ ጠባብ ነው፤ ጭጋጉም ካፊያ ያወርዳል። ካሜራ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አይወጣበትም፣ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ አህያ በማግስቱ ገበያ ወርዳ ቦርሳ ሻጯ ቀበሮ ዘንድ ሄደች።

በአህያ ዘር ስለ አዲስ ዕቃ የሚጠየቅ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። የእናቷ ቀብር ላይ እንኳ ስለ ሟቿ ደግነት የተነሣ ነገር አልነበረም፤ «ሁለት ኩንታል ተጭና አታቃስትም ነበር» ተብሎ ነው የተለቀሰው። እናም አህያ የዘሯን ጥያቄ ጠየቀች።

«ስንት ይይዛል?»

ቀበሮ ከሁሉ ትልቁን አወረደች። በጀርባ ላይ ተጭኖ በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል፣ በመጫኛ የሚታሰር ቦርሳ ነው። «እመት አህዪት፣ ይህ ቤትሽንም ይይዛል።»

አህያ ካሜራውን፣ ሦስት ሌንሶችንና ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ በአንዱ ጎን ከተተች። ያጋደለ ጭነት ጀርባ እንደሚያቆስል ከልጅነቷ ታውቃለችና ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥታ በሌላው ጎን አስገባች።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው?» አለች ቀበሮ።

«ለሚዛን።»

ቀበሮ ዋጋውን ተቀበለች። ሻጭ ናት፤ ገዢን አታርምም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ አህያ ገደሉ ጋ፣ ከጠባቡ መተላለፊያ ወዲህ ደረሰች። ጭጋጉ ገለጥ ሲል ከፊቷ ባለው እርከን ላይ ዋልያ ታየ። አህያ መጫኛውን በጥርሷ ትፈታ ጀመር። አንዱ ቋጠሮ ተፈታ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ፣ ሦስተኛው ሲላላ ቦርሳው በድንጋዩ በኩል አጋደለና ድንጋዩ ወጥቶ ገደሉን እየነጠረ ወረደ። እሷ ካሜራውን ስታወጣ እርከኑ ባዶ ነበር። የባዶውን እርከን ፎቶ ግን በጣም ጥሩ አድርጋ አነሣችው።

ዓርብ ዕለት ቦርሳውን ይዛ ተመለሰች።

«እንደማይሆነኝ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት ቀበሮን።

«ስንት ይይዛል ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ስንት እንደሚይዝ ነገርኩሽ። ዛሬስ ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

አህያ የመለሰችውን ትልቅ ቦርሳ ደግማ አየችው። የእናቷን ጥያቄ መተው እናቷን ከመክዳት አልተለየባትም። በመጨረሻ፣ «ከወገቤ ሳይፈታ፣ አንገቴን ብቻ አዙሬ ካሜራዬን የማወጣበት አለሽ?» አለች።

ቀበሮ ወገብ ላይ የሚታጠቁ ሦስት ትንንሽ ቦርሳዎች አወጣች። አህያ ባዶአቸውን አልሞከረቻቸውም፤ ካሜራውን እየከተተች ከሱቁ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ካብ ወጣች፣ ወረደች። የመጀመሪያው ክዳኑ ወደ ፊቷ ስለሚከፈት አፍንጫዋን መታት። ሁለተኛው ቀበቶው እየላላ ሆዷ ሥር ገብቶ ጉልበቷን ደበደበው። ሦስተኛው ጎኗ ላይ ተለጥፎ ተቀመጠ፤ ዚፑም በአንድ የጥርስ ጉተታ ተከፈተ፤ ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ካሜራው አይንገጫገጭም። ችግሩ፣ ከካሜራው ሌላ የሚይዘው አንድ ትንሽ ሌንስ፣ አንድ ባትሪና የመስተዋት መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ ነበር።

«መቆሚያዬስ?»

«አራት እግር እያለሽ ሦስት ትጨምሪያለሽ?» አለች ቀበሮ።

መቆሚያው ቀረ። ትልቁን ሌንስ መተው ግን ከበዳት፤ ያለ እሱ ሰርግ እንኳ ሄዳ አታውቅም። አንሥታ አስቀመጠችው፣ ደግማ አነሣችው፣ በኋላ ለቀበሮ አደራ ሰጠችው። ጀርባዋ ቀለላት፤ ቅለቱ ግን እንደ ስንፍና ሆኖ ተሰማት።

ካቡን እንደገና ልትሞክር ከሱቁ ጀርባ ሳለች የጅብ ድምፅ ሰማች።

«እመት ቀበሮ፣ ያ ትልቁ ቦርሳ ስንት ይይዛል?»

«አንዲት አህያ፣ ከነሰኮናዋ።»

አያ ጅቦ ሳይከራከር ገዛው።

ቅዳሜ አህያ በጠባቡ መተላለፊያ አልፋ እርከኑ ፊት ለፊት ቆመች። ጊዜው እየሄደ ነው፤ ጭጋጉ አልተነሣም። ነገ እሑድ ነው። ከኋላዋ ጅብ እየተከተላት እንዳለ በጠረኑ አውቃለች፤ ዋልያውን በጩኸት ሊያባርርባት ከዚያም እሷን በቦርሳ ሊወስድ እንደመጣ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ቢሆንም ባለችበት ጸንታ ቆመች፤ ወደ ኋላ ብትመለስ ሜዳው አብሯት አይመለስም።

ጭጋጉ ሳሳ። ዋልያው እርከኑ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ከድንጋዩ አይለይም።

በዚህ መካከል ከመተላለፊያው ውስጥ የመፋተግ ድምፅ ተሰማ። ጅብ ጭንቅላቱ አልፎ፣ ቦርሳውን ግራና ቀኝ ድንጋዩ ይዞበት ቀርቷል። «እመት አህዪት፣» አለ በታፈነ ድምፅ፣ «እስቲ ትንሽ ጎትቺኝ።»

ዋልያው ብድግ አለ። ቀንዱን ወደ ድምፁ አቀና፤ ከጎኑ አንዲት ግልገል ብቅ አለች። አህያ አንገቷን አዞረች፣ ዚፑን ጎተተች፣ ካሜራውን አወጣች፣ ቁልፉን ተጫነች። ዓይኗን ከካሜራው ስታነሣ ሁለቱም አልነበሩም።

«ቦርሳውን ፍታው አያ ጅቦ፤ ያን ጊዜ ታልፋለህ» አለችው።

«እሺ፣ አንቺን ታዲያ በምን እወስድሻለሁ?»

ይህን ጥያቄ ሲያወጣና ሲያወርድ ትታው በላይኛው መንገድ ወደ ሜዳው ወጣች።

እሑድ አንበሳ ፎቶውን በፀሐይ ፊት ይዞ ብዙ አየው። በመተላለፊያው ድንጋይ ጎኑ የተላጠው ጅብ አንገቱን አሰገገና፣ «ይህ ፍየል ነው» አለ።

«እዚያ ገደል ላይ ቆሞ የማይንቀጠቀጥ ፍየል አምጣና ሜዳውን ውሰድ» አለ አንበሳ። ቀጥሎም ለአህያ፣ «አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለሽ?» አላት።

«ጌታዬ፣ የቆመውም አንዴ ብቻ ነው።»

ሜዳው እንዳለ ቆየ። አህያ የወገብ ቦርሳዋን እንደታጠቀች ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ጤፍ ተጭና ከገበያ የምትመጣ አክስቷን መንገድ ላይ አገኘቻት። አሮጊቷ ቆማ ጀርባዋን አየች።

«ልጄ፣ ምንም አልተጫንሽም። ታመሽ ነው ወይ?»

«የለም አክስቴ፤ ከሥራ መመለሴ ነው።»

አክስቷ ራሷን ነቅንቃ፣ እግዜር ይማርሽ ብላ አለፈች።

ከዚህ የምንማረው፣ መሸከምን ብቻ የለመደ ምን ትቶ መውጣት እንዳለበት ሳያውቅ ሊያረጅ እንደሚችል ነው።