የደጃፉ ገበቴ

እንግዳ በተጠረጠረ ቁጥር ሽማግሌዎች የሚተርቷት አንዲት አጭር ምሳሌ አለች። ሁሉም ይተርታታል፤ ከየት እንደ መጣች የሚያውቅ ግን ከእኔ በቀር የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እኔ ከአባቴ ሰማሁ፣ አባቴ ከአባቱ፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ሲቆጠር ሰባ ሰባት አባት ይሞላል። ከሰባ ሰባቱ አንድም ቀጣፊ አልነበረበትም። ከዚህ በታች ከጻፍኩት አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ የያዝኩት ብዕር እጄ ላይ እባብ ይሁን። ምያለሁ። እንግዲህ ወደ ነገሩ።

ነገሥታቱ ገና ለፀሐይና ለጨረቃ የሚሰግዱበት ዘመን ነው። ከአዱሊስ ወደብ ወደ አክሱም በሚወጣው መንገድ ላይ አንዲት ከተማ ነበረች። ሰባት ስም ነበራት፤ ሰባቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ቦታ እንዳይፈጁ ብዬ ተውኳቸው። በዚያች ከተማ የክርስቶስ አማኞች በአንድ ነጋዴ ቤት ተሰብስበው ይጸልዩና ማዕድ ይቆርሱ ነበር። የቤቱን ስፋት ምን ብዬ ልንገራችሁ! ባንዱ ጥግ ያነጠሰ ሰው፣ ከሌላው ጥግ «ይማርህ» እስኪደርሰው ጉንፋኑ ይለቀው ነበር። በዚያ ቤት ጌታና ሎሌ ባንድ ማዕድ ይበላሉ ይባል ነበር። እውነት ነው፣ ይበላሉ። ሎሌው ግን የሚበላው በሩ አጠገብ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ጽኑ ሥርዓት ነበራቸው። እግሩን ሳይታጠብ ያንን ደጃፍ የሚያልፍ የለም፤ ባለጠጋም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን። አጣቢዋ ትብለጽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ ከእንጨት በተፈለፈለ ገበቴ ፊት ተንበርክካ የመጣውን ሁሉ ስታጥብ፣ ፊቷን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም። የሚያውቋት በአናቷ ነበር፤ መሃል አናቷ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ሽበት ነበራት። እሷም በበኩሏ የሰዎቹን ፊት ብዙም አታውቅም። እግራቸውን ግን ዓይኗን ብትጨፍን በዳሰሳ ትለየው ነበር፤ ማን በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ፣ ማንን ጫማው እንደሚጠበው፣ ማን ከየት ሰፈር ዞሮ እንደ መጣ።

የቤቱ መጋቢ ክፍሎም ይባላል። የእህሉም፣ የጓዳውም፣ የበሩም ቁልፍ በሱ ወገብ ነው። ትብለጽ በበረንዳው ሥር የምታድረው እሱ ፈቅዶ ነው፤ «ውጪ» ካላት የምትወድቅበት የላትም። ክፍሎም ሥራ ወዳድ ነው፣ ጸሎተኛ ነው፣ ግን ጥርጣሬ ከወተት ጥርሱ ጋር የበቀለበት ሰው ነው። ዶሮ ብትጮህ «ለማን እየነገረች ነው?» የሚል ዓይነት። ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት በቆላው ከተማ አንድ እንግዳ ሦስት ቀን ከምእመናን ጋር በልቶ፣ በአራተኛው ቀን ለአገረ ገዢው ጠቁሟቸው ቤታቸው ተቃጥሏል። ክፍሎም ያንን ጭስ ባያየውም ሁልጊዜ ይሸተው ነበር።

እና አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ሰው እያነከሰ መጣ። ጢሞን እባላለሁ አለ፤ የአዱሊስ ወንድሞች ልከውኛል፣ እግሬ እስኪድን አሳድሩኝ አለ። ያን ጊዜ ከአገር ወደ አገር የሚሄድ አማኝ የአደራ ደብዳቤ ይይዛል። ጢሞንም ከጉያው አንድ ብራና አወጣ። ክፍሎም ቢያገላብጠው ቀለሙ ታጥቦ አንድ ፊደል እንኳ የለበትም።

«ወንዙን ስሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደኝ» አለ እንግዳው።

«ብራናውን አጠበው፤ አንተን እንዴት ሳያጥብህ ቀረ?»

«እኔንም አጥቦኛል። እኔ ላይ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ነው ያልታወቀው።»

ክፍሎም መልሱን አልወደደውም። ቶሎ የሚመልስ ሰው ቀድሞ የተዘጋጀ ነው ብሎ አሰበ። እንግዳው ዘግይቶ ቢመልስም ኖሮ «እየፈጠረ ነው» ማለቱ አይቀርም ነበር።

የማኅበሩ አባት አባ ቴዎን የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ክፍሎም ጥርጣሬውን ሲያንሾካሹክላቸው አዳመጡትና፣ «ልጄ፣ ጥርጣሬን ቤት አስቀምጦ መቀለብ ደግ አይደለም» አሉት። «ነገ ጠዋት ወደ ወንዙ መሻገሪያ ውረድ። አሻጋሪዎቹን ‹እንዲህ ያለ ሰው ከውሃ አውጥታችኋል ወይ?› ብለህ ጠይቃቸው። አዎ ካሉህ ወንድማችን ነው። አይ ካሉህ እንመክርበታለን።»

ክፍሎም በማግሥቱ ማለዳ ተነሣ። መሻገሪያው ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል፣ ዳገቱ ደግሞ የተረፈውን ይወስዳል። ከከተማው ዳር ካለችው ትልቅ ሾላ ሥር ሲደርስ «ትንሽ ልረፍ» አለ። ሾላዋ ጥላዋ አንድ ጦር ሠራዊት ያስጠልላል፤ ፍሬዋ በስሎ መሬቱን ሞልቶታል። አንድ ቀመሰ። ሁለት ቀመሰ። ከዚያ ያስብ ጀመር። አሻጋሪዎቹ ምን ይሉኛል? አውጥተነዋል ቢሉኝስ በምን አምናቸዋለሁ? ሰውዬው ሰላይ ከሆነ እነሱንም ቀድሞ አባብሏቸዋል። እንግዲያው መልሱን አሁኑኑ አውቀዋለሁ፤ ለማውቀው ነገር እግሬን ለምን አደክማለሁ? ይህን ብሎ ጋቢውን ከራሱ ሥር አደረገና ተኛ።

ሲነቃ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ባዶ እጁን እንዴት ይመለስ? ከዚያች ሾላ እስከ ቤቱ ደጃፍ ሲሄድ አንድ ፈረሰኛ ወደ ሐሳቡ መጣ። ገበያውን ሲያልፍ ሁለት ሆኑ። ቤቱን ሲያይ ሦስት። የሚገርመው፣ ሦስተኛው ሲጨመር ክፍሎም ራሱ የፈረሶቹን ኮቴ የሰማ መሰለው።

ሰዎቹ ለማዕድ እየገቡ ነበር። ክፍሎም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋና፣ «ኤዲያ፣ መንገድም እንዲህ አለ? ወገቤ ተቆረጠ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ትብለጽ አጠበችው። ከተረከዙ ሥር አንድ ነገር ላቀቀችና ገበቴው አጠገብ አኖረችው። ውሃውንም አልደፋችውም፤ ከኋላው የመጣውን ሸማኔ በዚያው ውሃ አጠበችው። ክፍሎም ይህን ልብ አላለም። ፈረሰኞቹን እየቆጠረ ነበር።

ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ ነፍሴን ይዤ ነው የመጣሁት» አለ። «ከመሻገሪያው ማዶ ሦስት ፈረሰኞች ቆመው አየሁ። የአገረ ገዢው ሰዎች ናቸው። ‹ጢሞን ከተማው ገባ ወይ?› ሲባባሉ በነዚህ በሁለት ጆሮዎቼ ሰማሁ።»

ከማዕዱ ላይ እጆች ተሰበሰቡ። ከዚያ ሸማኔው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔስ መጀመሪያም አላማረኝም። ሲበላ በሩን በሩን ያያል።»

«ሲጸልይ ዓይኑን አይጨፍንም» አለች ሚስቱ።

«አንቺስ በምን አየሽው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከሆነ?» አላት አንዱ።

«አንዱን ብቻ ነው የገለጥኩት።»

«ማነከሱስ?» አለ ሸማኔው። «እንዲታዘንለት ነው። ጠዋት በቀኝ፣ ማታ በግራ ያነክሳል።» ይህን ሲሰማ ሁሉም በሁለቱም እግር ሲያነክስ ያየው መሰለው።

ጢሞን ከነበረበት ጥግ ቀና አለ። «መጋቢ፣ አሻጋሪውን አላገኘኸውም?» ሲል ጠየቀ። «አንድ ዓይና ሰው ነው። በፀጉሬ ይዞ ያወጣኝ እሱ ነው።»

ክፍሎም ይህን አላሰበበትም ነበር። ግን አንዴ የተነሣ ፈረስ አይቆምም። «ጎጆው ባዶ ነው» አለ። «ሰባቱ ፈረሰኞች ወስደውት ይሆናል።»

«ሦስት አላልክም ነበር?» አሉ አባ ቴዎን።

«ሦስቱ ከፊት ናቸው አባቴ፤ አራቱ ከዛፍ ጀርባ ነበሩ።»

እንግዲህ ፍርሃት የገባበት ቤት ቁጥር አያጣራም። ሰባት መሆናቸው ይልቁንም አሳመናቸው። ክፍሎም ወደ ደጃፉ ሄደ፣ የእንግዳውን ጫማ አነሣ፣ አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ከመድረኩ ላይ አስቀመጠው። ሂድ ማለት ነው። በዚያ እግር ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚቀጥለው መንደር እንደማይደረስ፣ ከጠለቀች በኋላም መንገዱ የጅብ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ግን እያንዳንዱ የራሱ ጣሪያ ሲቃጠል እያየ ነበር።

ጢሞን ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። አልለመነም።

አባ ቴዎን በትራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ሰው ያለ ምስክር አይወጣም» አሉ። «ለዚህ ሰው የሚመሰክር አለ?»

የሸማኔው ሚስት ነጠላዋን አጣፋች።

«የሚመሰክርለት አለ?»

ሸማኔው ጣቶቹን አየ።

«ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ።»

«እኔ እግሩን አጥቤያለሁ፣ አባ» አለ አንድ ድምፅ።

ሰዉ ዞረ፤ ተናጋሪውን ግን የሚያገኝ ጠፋ። ድምፁን የሚያውቀው አልነበረማ። በመጨረሻ ከደጃፉ አጠገብ፣ ከሁሉም ጉልበት በታች፣ ያ ሽበት ታየ።

«አንቺ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለ ክፍሎም።

«ተዋት» አሉ አባ ቴዎን። «ልጄ፣ ስምሽ ማን ነው?»

አራት ዓመት እግራቸውን አጥባለች። ሲጠይቁ ራሳቸውም አፈሩ።

«ትብለጽ።»

«ተናገሪ፣ ትብለጽ።»

ትብለጽ መጀመሪያ መጋቢውን አየችው፤ ከዚያ በወገቡ ያለውን ቁልፍ። እጇን በነጠላዋ አደረቀች።

«ሐሙስ ዕለት ውሃውን ሦስት ጊዜ ደፍቼለታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቀላ። የወንዙ መንገድ ቀይ አፈር ነው፤ ሌላ የትም እንዲህ ያለ አፈር የለም። በአራተኛውም ቀላ፤ እሱ ግን አፈር አልነበረም። የግራ ውስጥ እግሩ ላይ በድንጋይ የተሰነጠቀ ቁስል አለ፣ አሸዋ ገብቶበታል። አሸዋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በቀኝ አያነክስም።»

«ይህን ይዘሽ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«አልተጠየቅኩም፣ አባ። ደግሞ ሲቀጥሩኝ ‹ያጠበች ያየችውን አታወራም› ብለውኛል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

የትብለጽ ዓይን ወደ ቁልፉ ሄደ። መመለስም አላስፈለጋትም።

ክፍሎም ሳቅ ለማለት ሞከረ። «መልካም፣ በወንዙ በኩል መጥቷል እንበል። ሰላይስ ወንዝ አይሻገርም? እኔ በዓይኔ ያየኋቸውን ዐሥራ ሁለት ፈረሰኞች የእግር እጣቢ ያጠፋቸዋል?»

አባ ቴዎን ወደሱ አልዞሩም። ትብለጽን ነበር የሚያዩት። «ሌላስ የምትዪው አለሽ?»

እዚህ ላይ ትብለጽ ብትቆም ኖሮ እንጀራዋ አይነካም ነበር። በረንዳዋም፣ ገበቴዋም ይቀሩላት ነበር። እንግዳው አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ አንድ እግሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ቆሟል። ጫማው አፉን ወደ ውጭ አዙሮ ይጠብቃል።

ገበቴውን በሁለት እጇ ገፋ አደረገችና ወደ መሃል አመጣችው። ውሃው እንደ ምንጭ ባይጠራም የገበቴው ወለል ይታይ ነበር።

«ዛሬ መጋቢን ያጠብኩት በዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ከሳቸው ወዲህ ሸማኔውን አጥቤበታለሁ። አልደፋሁትም፤ የሚያስደፋ አልነበረም።» ከመሬት አንድ ነገር አንሥታ በመዳፏ ዘረጋች፤ የተጨፈለቀ የሾላ ፍሬ ነበር። «ይቺን ደግሞ ከተረከዛቸው ነው ያነሣኋት።»

ሾላ በዚያ አገር አንድ ብቻ እንደሆነች፣ እሷም ከከተማው ዳር እንደምትገኝ የማያውቅ ሰው ከቤቱ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ሸማኔው እግሩን ከጋቢው ሥር ሰበሰበ።

«ክፍሎም ልጄ» አሉ አባ ቴዎን፣ «ፈረሰኞቹ ስንት ነበሩ አልከን?»

ክፍሎም አፉን ከፈተ። ከሾላዋ ጀምሮ አብረውት የመጡት ፈረሰኞች ሁሉ፣ ነጩም ቡላውም፣ አንድ በአንድ ከአፉ ሲሸሹ ታወቀው፤ የሚይዘው አንድ ልጓም እንኳ አላገኘም። ወገቡን ዳሰሰ፣ የቁልፉን ዘለበት ፈታና ሳያየው ከአባ ቴዎን እግር አጠገብ አኖረው።

ሽማግሌው ቁልፉን አልነኩትም። ወደ ደጃፉ ሄዱና ጎንበስ ብለው የእንግዳውን ጫማ አነሡ፣ አፉን ወደ ቤት አዙረው አስቀመጡት፤ ከዚያም ወደ ሕዝቡ ሳይሆን ወደዚያች ሽበታም አናት ዞረው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ እንዲህ አሉ፦ «ፊት ያየ ጠረጠረ፣ እግር ያጠበ መሰከረ።»