የእንቧይ ሜዳ ጭቃ

ጓንጉል ባይዋሽ ኖሮ፣ ዛሬ በእንቧይ ሜዳ የለቅሶ አደባባይ መግቢያ ላይ በገበታ የተሞላ እርጥብ ጭቃ አይቀመጥም ነበር። እንግዳ ሰው ሲያየው ይገረማል፤ ቤት ሊለሰን ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚያ አገር ጠመንጃ ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ወንድ፣ የፈለገውን ያህል ጀግና ቢሆን፣ የሰደፉን ተረከዝ ጭቃው ላይ አትሞ ምልክቱን ለሴቶቹ ሳያሳይ አይፎክርም። ለምን ለሴቶቹ ቢባል፣ ወንዶቹማ አንድ ጊዜ ተሞክረው ስለወደቁ ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ በጣሊያን ጊዜ በእንቧይ ሜዳ ቢሻው የሚባል ገበሬ ነበረ። ከግምጃ ቤት ለዘማች ሲታደል የደረሰው ጠመንጃ ነበረው፤ ከላይ ብረቱ ላይ አንበሳ፣ ከታች የሰደፉ ተረከዝ ላይም ትንሽ አንበሳና ቁጥር የተቀረጸበት። ሚስቱ እንጉዳይ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን ያን ጠመንጃ በቅባት ስትወለውል የኖረች እርሷ ናትና ምልክቱን በጣቷ ታውቀዋለች። አንበሳው ጅራቱን ወደ ላይ ሰቅሏል፤ ከሥሩ አንዱ ምልክት እንደ ማጭድ፣ አንዱ እንደ ቀለበት፣ አንዱ እንደ ቆመ ካስማ ነው። የተረከዙ አንድ ጥግ ደግሞ ጎደሎ ነው። ያጎደለችው ራሷ ናት፤ ቢሻው እርሻ በዋለበት ቀን አሞሌው አልሰበር ቢላት በሰደፉ ደቁሳው። ቢሻው ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር ይላሉ፤ በአራተኛው ቀን ግን ጨው የሌለው ወጥ ቀመሰና ታረቀ።

ቢሻው የዘመተ ዕለት እንጉዳይ ዘር ጤፏን ጎታ ውስጥ ከታ አፉን በጭቃ መረገችው። ከዚያም ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዳ ተረከዙን እርጥቡ ጭቃ ላይ አሳረፈችው።

«ይኸን ከአንተ በቀር የሚከፍተው የለም» አለችው፤ «የአንተ እናት ብትሆንም።»

«እናቴን ሌባ አደረግሻት?»

«እኔ ማንንም አላልሁ። ጭቃው ይናገራል።»

እየሳቀ ወጣ። ሁለት ክረምት አለፈ። እንጉዳይ በሁለተኛው ክረምት ጎመን እየቀቀለች አደረች እንጂ ያን ጎታ አልነካችም።

በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ አብሮት የዘመተው ጓንጉል ብቻውን ተመለሰ። ሲሄድ ማዕረግ የሌለው ጓንጉል ነበረ፤ ሲመለስ ግራዝማች ነኝ አለ፤ ማን እንደሾመው እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። የቢሻው መርዶ ተሰምቶ ለቅሶ ሲወጣ፣ በአደባባዩ መሐል ጠመንጃ እየነቀነቀ ፎከረና፣ ይህን ከጣሊያን መኮንን ማረክሁት፣ ቢሻው ግን ጠመንጃውን ጥሎ ሲሸሽ ከኋላው ተመቶ ወደቀ ብሎ ተናገረ። በዚያ አገር ደግሞ ጠመንጃውን ለጣለ ሰው አደባባይ አይወጣለትም፤ አይፎከርለትም፤ በር ዘግቶ ነው የሚለቀስለት። እንጉዳይ ባሏን ባጣችበት ሰዓት ስሙንም አጣች።

ጓንጉል ፉከራውን ሲጨርስ ጠመንጃውን ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። ሲያነሳው እንጉዳይ መሬቱን አየች። ጥጉ ጎደሎ ነው።

ወዲያው ከሽማግሎቹ ፊት ቆመች። «ያ ጠመንጃ የባሌ ነው» አለች።

ጓንጉል ሳቀ። «ሴት ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች? ፊደል እንኳ አትለይም!»

ሽማግሎቹ ጠመንጃውን ተቀበሉና መመርመር ጀመሩ። እንግዲህ ምርመራ ከተባለ ነው። አንዱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፈሙዙን ውስጥ ውስጡን አየና «ምንሽር ነው» አለ። ሌላው ነጠቀው። «ምን ምንሽር! ውጅግራ ነው እንጂ።» ሦስተኛው «የአያቴን ውጅግራ አውቃለሁ፤ አውራ ጣት ታስገባ ነበር» ብሎ አውራ ጣቱን ሊያስገባ ሲታገል ጊዜ ሄደ። ከላይ አንበሳው የነበረበት ብረት በሞረድ ተፍቆ ያብረቀርቃል፤ እነሱ ግን ዝገት ነው፣ አይደለም፣ የፈረንጅ አሠራር ነው እየተባባሉ ጥላ ዞረባቸው። ሁሉም የሚያየው ከአፉ በኩል ነው።

እንጉዳይ ትዕግሥቷ አለቀ። «እናንተ ሰዎች፣ አፉን ልትስሙት ነው ወይ? ገልብጡት!»

አያ ውበቱ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ገለበጡት። «ጥጉ ተሸርፏል» አሉ።

«እኔ ነኝ የሸረፍሁት።»

«በምን?»

«በጨው።»

አያ ውበቱ መነጽር እንደሌለው ሰው ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «በባልሽ ጠመንጃ ጨው ትወቅጪ ነበር?»

«አዎን እወቅጥ ነበር! ፍረዱብኝ። ግን አስቀድማችሁ ቤቴ ኑ።»

ተያይዘው ሄዱ። ከጎታው አፍ ላይ ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ማኅተም አሳየቻቸው፤ አጠገቡ እርጥብ ጭቃ ለጥፋ ጠመንጃውን ከአያ ውበቱ እጅ ተቀበለችና አተመችበት። ጅራቱን የሰቀለው አንበሳ፣ ማጭዱ፣ ቀለበቱ፣ ካስማው፣ ጎደሎው ጥግ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ናቸው።

እንጉዳይ እስከዚያች ሰዓት ጓንጉልን አንቱ ትለው ነበር፤ የባሏ ባልንጀራ ነውና። አሁን ዞረችበት። «ከየት አነሳኸው አንተ?»

ጓንጉል መሬት መሬት አየ። «ከእጁ» አለ።

«ጥሎት ነበር?»

«አልጣለውም።»

«ጮክ በል። አያ ውበቱ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው።»

«አልጣለውም! ከሞተ በኋላ እንኳ አልለቅ ብሎኝ... ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኋቸው።»

እንጉዳይ ያን ጊዜ ተቀመጠች ይባላል። አላለቀሰችም። ሽማግሎቹ ጠመንጃው የእርሷ እንዲሆን፣ የቢሻውም ለቅሶ በማግሥቱ በአደባባይ እንደገና እንዲወጣ ፈረዱ። ጓንጉል ግራዝማችነቱ እዚያው ቀረ፤ በማግሥቱም ባዶ እጁን ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ።

ዛሬም በእንቧይ ሜዳ ለቅሶ ሲወጣ ጭቃውን የምታቦካው የሟቹ ቤተ ዘመድ የሆነች ባልቴት ናት። ከቀድሞው ለቅሶ የተረፈውን ደረቅ ጭቃ እንደ እርሾ በእንስራ ካስቀመጠችው ባልቴት ተቀብላ፣ አንድ እፍኝ ከአዲሱ ጋር ትቀላቅለዋለች። የመጀመሪያው ጭቃ ከውስጡ እስከ ዛሬ አለ ይላሉ፤ እውነት ይሁን አይሁን እርሷ ታውቃለች።

የመጀመሪያውን ግን ያቦካችው እንጉዳይ ናት። ፍርዱ በተሰጠ ማግሥት ማለዳ ተነስታ፣ ሁለት ክረምት ያልነካችውን ማኅተም በባሏ ጠመንጃ ተረከዝ ሰበረችው። ጤፉን ለተዝካሩ እንዲፈጭ ለጎረቤቶቿ ሰፈረች። ስብርባሪውን ለቅማ ውኃ ጨመረችበት፣ በገበታ አቦካችው፤ ተሸክማም አደባባዩ በር ላይ አኖረችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ሽማግሎቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ሲመጡ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ገልብጡ» አለቻቸው።