ይታይ ግን አይውጣ

አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንደኛው ውስጥ፣ ጋሼ ዘርጋውና ኪሩቤል ላፕቶፕ መሀል አድርገው ተፋጠዋል። ጋሼ ዘርጋው የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ ኪሩቤል ደግሞ ለሱቁ ድረ ገጽ የሠራላቸው ወጣት። ሥራው አልቋል። የጥር ሠርግ ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ ሙሽሮች ከየቤታቸው ሆነው በስልካቸው ቀሚስ ማማረጥ ጀምረዋል። ለኪሩቤል ደግሞ ይህ በራሱ ስም የያዘው የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ ድረ ገጹ ተከፍቶ ሰው እስኪያየው ድረስ እህል አልበላ ብሎታል። የሚጠብቀው «ልቀቀው» የምትል አንዲት የጋሼን ቃል ነው። እሷ ግን ከአፋቸው አልወጣም አለች።

ጋሼ ዘርጋው ክፉ ሰው አይደሉም። በገንዘብ እንኳ እንደ ሌላው ነጋዴ ናቸው፤ ይከራከራሉ፣ ይቀንሳሉ። ስስታቸው ጥለት ማሳየት ላይ ነው። ደንበኛ መጥታ «እስቲ ያንን ቀሚስ ልየው» ስትላቸው ጫፉን ገለጥ ያደርጉና ሳትጠግበው መልሰው ያጥፉታል። ስማቸው ዘርጋው ይባል እንጂ ልብስ ዘርግተው ያሳዩት ሰው አልተገኘም። ሱቃቸው ውስጥ ስልክ ያወጣ ሰው ከታየ ሳል ይጀምራቸዋል፤ በሳሉ ካልገባው አሻሻጫቸው ጥሩወርቅ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጥራ ፊቱ ላይ ትቆማለች። ምን ያድርጉ፣ «ጎረቤት ዛሬ ያየው ነገ ሸማኔው እጅ ላይ ነው» ባይ ናቸው።

«እንግዲህ ስማኝ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ፎቶዎቹ ይታዩ። ግን አይውጡ።»

«ከየት ነው የማይወጡት ጋሼ?»

«ከድረ ገጹ ነዋ! ደንበኛዋ ታያለች፣ ትወዳለች፣ ትመጣለች። ፎቶው ግን እዚያው ይቀራል።»

ኪሩቤል ይህንኑ ሲያስረዳ ነው የሰነበተው። ዛሬም ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ጀመረ።

«ጋሼ፣ ድረ ገጽ እንደ ሱቅ መስኮት አይደለም። ሰው መጥቶ በመስታወቱ አሻግሮ አያይም። የደንበኛዋ ስልክ ላይ ያለው ብሮውዘር "ያንን ፎቶ ላኩልኝ" ብሎ ይጠይቃል፣ የኛ ሰርቨር፣ ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር፣ አንድ ቅጂ ይልክላታል። የምታየው እጇ የገባውን ነው። ካልላክንላት ባዶ ሳጥን ይታያታል።»

«አትላክላት! አሳያት ብቻ!»

«ማሳየቱ እኮ መላኩ ነው ጋሼ።»

«አይ የዘንድሮ ልጅ! ሥራ ሲጠላ ሰበቡ መብዛቱ።»

እውነቱን ለመናገር ኪሩቤል ያልሞከረው የለም። መጀመሪያ ፎቶውን «አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ ዘጋው። ጋሼ ደስ ብሏቸው ጥሩወርቅን ጠሩና «በይ እስቲ ስረቂ» አሏት። እሷም ስልኳን አውጥታ የሚታየውን እንዳለ በስክሪንሾት ያዘችና «ይኸው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ የሱቁ ስም በየፎቶው ላይ ከደረት እስከ ጫፍ በትልቁ ይጻፍበት ተባለ፤ ተጻፈ። ለጥር የታጨችው የእህታቸው ልጅ ያንን አይታ ደወለችና «ቀሚሱስ ያምራል፤ ግን አጎቴ፣ ማስታወቂያ ለብሼ ነው የምዳረው?» ብትላቸው ይነሣ አሉ። በመጨረሻ «እንግዲያው ደብዘዝ አድርገው» ብለው አዘዙ። ደብዘዝ አለ። መነጽራቸውን አጥልቀው ቀርበው፣ ርቀው፣ ዘመም ብለው ካዩት በኋላ «ይሄ ቀሚስ ነው ጋቢ?» ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

ያልተነካ ፎቶ ቢኖር የፊተኛው ገጽ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱ ላይ ጋሼ ራሳቸው ካባ ደርበው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ገጹን ሞልተው ቆመዋል። በእሱ ቅሬታ የላቸውም። «የኔንስ ያየ ሁሉ ይውሰደው» ብለዋል።

«ማዶ ያለው ድረ ገጽ የሚሠራው ልጅ "ይቻላል" ብሎኛል» አሉ አሁን፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው። «ካቃተህ አቃተኝ በለኝና ለሱ ልስጠው። ዛሬ ቁርጡን ንገረኝ።»

ኪሩቤል ይቻላል ብሎ ቢዋሽ፣ ጎረቤት ጥለቱን ገልብጦ የሰቀለ ዕለት የሚረገመው እሱ ነው። አይቻልም ቢል ደግሞ ያ ሁሉ ልፋቱ ማዶ ሊሻገር ነው። ይህን ሲያሰላ ዓይኑ ከጋሼ ራስ በላይ የተሰቀለው የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዐረፈ። የሱቁ ጌጥ እሱ ነው።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ጥለት እንዴት ያምራል! ከየት አመጡት?»

ይህን ተጠይቀው ጋሼ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ቁጣቸው በረደና ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ይሄማ ታሪክ አለው። አንድ ሠርግ ገባሁ…»

«ተጠርተው?» አለች ጥሩወርቅ ከመደርደሪያው በኩል።

«ሠርግ ለመግባት ምን መጠራት ያስፈልጋል? ጥሩ ካባ ደርበሽ ኮራ ብለሽ ግቢ። የወንዱ ወገን የሴቷ ዘመድ ነው ይልሻል፣ የሴቷ ወገን የወንዱ ዘመድ ነው ይልሻል፤ ሁለቱም ብይ ብይ ይሉሻል።» ወደ ኪሩቤል ዞሩ። «እና ከመድረኩ ሥር ተቀመጥኩልህ። ሙሽራዋ ይሄን ጥለት ለብሳለች። ወረቀት አልያዝኩ፣ ስልክ አላወጣሁ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ጣቴን ጉልበቴ ላይ እያስኬድኩ ቀዩ የት እንደሚገባ፣ ወርቁ የት እንደሚታጠፍ ያዝኩት። ኬኩ ሳይቆረስ ወጥቼ ወደ ሸማኔዬ። እሷ መልስ ስትጠራ ጥለቷ እዚህ ተሰቅሎ ነበር!»

«ያ ታዲያ መውሰድ አይባልም?»

«ምኗን ወሰድኩ? ቀሚሷ እላይዋ ላይ ነው! ማየት ነው ያየሁት። ለዓይን ደግሞ አጥር የለም።»

ኪሩቤል ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞረላቸው።

«እንግዲያው ይምከሩኝ ጋሼ። ያቺ ሙሽራ ቀሚሷ ለሠርገኛው ሁሉ እንዲታይ፣ ለእርስዎ ግን እንዳይወሰድ ምን ማድረግ ነበረባት? እሱን ይንገሩኝና እኔም ድረ ገጹ ላይ አሁኑኑ አደርገዋለሁ።»

ጋሼ ቀላል ጥያቄ መስሏቸው ነበር። «ነጠላ ትደርብበት ነበራ!» አሉ።

«ደረብንበት እኮ። ጋቢ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

ጋሼ አገጫቸውን አሻሹ። ቀሚሱን ቀና ብለው አዩ፣ ጣታቸው ሳያውቁት ጉልበታቸው ላይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተናደዱ።

«እንግዲያው ቤቷ ትቀመጣ!»

«ቤቷ ተቀምጣ ማን ያገባታል ጋሼ?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች፤ ትከሻዋ ግን ሳቋን አሳበቀባት። ጋሼ ወደሷ ዞረው ሊቆጡ አሰቡና የሳቸውም ከንፈር አልታዘዝ አላቸው። ማዶ ያለው ልጅም በዚያው ተረሳ።

«በል ልቀቀው» አሉ።

ኪሩቤል ደስታው ፊቱ ላይ ሲፈስ ሊደብቀው እንኳ አልሞከረም። ጣቱን አንሥቶ የላፕቶፑን ቁልፍ ሊነካ ሲል ግን ጋሼ ክንዱን ለቀም አደረጉት።

«ቆይ ቆይ! መጀመሪያ ያንን የኔን ፎቶ ከፊት አንሣው።»

«እሱንስ ያየ ሁሉ ይውሰደው ብለው አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የወንዱም የሴቷም ወገን መልኬን ካወቀው ግን፣ ልጄ፣ በጥር የትኛው ሠርግ ያስገባኛል?»