ሁለተኛው ጆይስቲክ

አንድ ጌም ቤት ያለው፣ ደርቤ የሚባል ሰው ነበር። ማጫወቻው ያረጀ ነው፤ ኳስ ሲያጫውት ስክሪኑ ላይ የተጫዋቾቹ ፊት ተለይቶ አይታይም፣ ሲሞቅም እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ቤቱ ግን ሞልቶ ነው የሚውለው። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ተነስቶ የያዘውን መቆጣጠሪያ፣ ጆይስቲኩን፣ ለባለተራው ያስረክባል። ሾፌሩና አስተማሪው፣ ባለሱቁና ጎረምሳው እዚያ ሲተራረቡ ይውላሉ።

ታዲያ ኢሳያስ የሚባል ወጣት ከፊት ለፊቱ ሌላ ጌም ቤት ከፈተ። ያመጣው ማጫወቻ የዘመኑ ቁንጮ ነው፤ ጉልበቱንም በትልልቁ አጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። የደርቤ ደንበኞች ግልብጥ ብለው ወደዚያ ሄዱ። ደርቤ ባዶ ወንበሮቹን ታቅፎ ቀረ። ልጆቹን የሚያሳድገው በዚችው ቤት ነውና፣ ሚስቱ ጌም ቤቱን ሽጠው ስትለው እያንገራገረም ቢሆን ደላላ አናገረ።

ደላላው ገዢ ሳያገኝ ግን ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ደርቤ ግራ ገብቶት ጠየቃቸው። ለካ ኢሳያስ ሆዬ፣ ሁለት ሰው ሲፎካከር በንዴት ውድ ዕቃዬን ይወረውርብኛል ብሎ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቆልፎበታል! ሰው የሚጫወተው ብቻውን፣ ከማሽኑ ጋር ነው። ምስሉ አፍ ያስከፍታል። ጎል ሲያገቡ የሚናደድ ሰው ግን አጠገባቸው የለም፤ ማሽን ደግሞ ቢተርቡት አይሰማው።

በመጨረሻ ኢሳያስ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ጋሽ ደርቤ፣ የእኔ ማሽን የእርስዎን እጅግ ያስከነዳል። ታዲያ እርስዎ ጋ ምን አለ?»

ደርቤ ደረቱን ነፋ አደረገ። ኩራቱ ደግሞ ያምርበታል።

«የማሽኑን ጉልበት አላውቅም። ፊቱ የሚቀመጡትን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሂድና ያን ጆይስቲክ አውጣው፤ መጀመሪያ የማሸንፍህ እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተከትሏቸው ኢሳያስ ቤት ገባ። ደርቤ የሜዳው ሣር ሲወዛወዝ፣ የተጫዋቾቹ ላብ ሲወርድ አይቶ፣ እውነትም ያምራል ብሎ አደነቀ። አድንቆም አልቀረ፣ ኢሳያስን ረታው። ኢሳያስ እየሳቀ ተነስቶ ጆይስቲኩን ለባለተራው አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቤት ይሞላል፤ አንዱ ጋ የተሸነፈ ተራው እስኪደርስ ሌላው ጋ ይሻገራል። ደርቤም ደላላውን አሰናበተ።

የማሽን ጉልበት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ዓይን ይማርካል። የትኛው ይበልጣል ሲባል ግን፣ ማንን ከማን ጋር አስቀመጠ ተብሎም ይጠየቅ። እስቲ እርስዎም ያስቡት፤ የሚኮሩበት ውድ ዕቃዎ፣ ሁለተኛው ጆይስቲኩ የት ነው ያለው?